ውሃ የሌለው ወረፋ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ ኑሪያ አብሬያት ቴሌቪዥን እንዳላይ ከልክላኛለች። ጥፋቴ አንድ ነው፤ ድራማው ልብ በሚሰቅልበት ሰዓት አፌን መያዝ አልችልም። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ነጠላዋ በግራ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ገብታ ስትቀመጥ ወደ ቀኝ ዞሮ ካገኘሁት ዝም ልል ነው? ባለፈው ሳምንት ኑሪያ ሪሞቱን ከእጄ ነጥቃ፣ ሰውየው ሚስቱን ሊከዳ ነው አንተ የነጠላ ነገር ታወራለህ ብላ ወደ ጓዳ ሰደደችኝ። እውነቷን ነው። ግን ምን ላድርግ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት የሰው ነጠላ በየትኛው ትከሻ እንደነበር እየጠበቅሁ ነው።

ስሜ ሰይድ ይባላል። ደሴ ተወልጄ መቀሌ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ከደሴ ጭኖ መቀሌ ገበያ ያራግፍ ነበርና እኔንም ከጨርቁ ጋር አራግፎኝ ሄደ እያልኩ እቀልዳለሁ። እዚሁ ተማርኩ፣ እዚሁ ሥራ ያዝኩ፣ እዚሁ ኑሪያን አገባሁ። ትግርኛዬ እስከ ዛሬ የወሎ ዜማ አለው ይሉኛል፤ ደሴ ስሄድ ደግሞ አማርኛህ መቀሌ መቀሌ ይላል ብለው ይስቁብኛል። ከሁለቱም ወገን ተስቆብኝ ነው እዚህ የደረስኩት።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት የቪዲዮ ክፍል ውስጥ ሲሆን ሥራዬ ገመድ መጠቅለል ነበር። ቀላል የሚመስለው ሰው ይሞክረው። ገመድን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ክንድ ላይ መጠምጠም ነውር ነው፤ ውስጡ ይሰበራል። አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ወደ ውጭ እያዞሩ ነው የሚጠቀለለው። ይህን ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምሳ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ገመዱን ያስተማረኝ የክፍሉ ነባር ካሜራማን ነው፤ አያ ሐጎስ። እኛ ወሎ ታላቅ ወንድምን አያ እንላለን፣ እዚህም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ስሙን ለመጥራት አልተቸገርኩም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነበር። አንድ ቦታ ለቀረጻ ስንሄድ ካሜራውን ከሻንጣው አያወጣም። መጀመሪያ ይቀመጣል። ድንጋይ ላይም ይሁን ደረጃ ላይ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ በሚጠጣበት ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አለቃችን ሰዓቱን እያየ ይንቆራጠጣል፣ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ እሱ ወይ ፍንክች። ሰው ከመጣበት ድንጋጤ እስኪወጣና ወደ ሥራው እስኪመለስ ነው የሚጠብቀው። ካሜራ ሲያይ የማይደርቅ ሰው የለም፤ አያ ሐጎስ ያንን ድርቀት አይቀርጽም ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረው። አንድን ቀረጻ ይዞ የሚቆየው አቡነ ዘበሰማያትን በልቡ እየደገመ ነው። "አሜን" ላይ ሲደርስ ማቆሚያውን ይጫናል። ሰዓት ከማየት ጸሎት ይሻላል፣ ሰዓት የሚያይ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል ይል ነበር። ካሜራውን መጀመሪያ ሲሰጠኝ በየት በኩል ልቆጣጠረው፣ ቶሎ ቶሎ አቆማለሁ። ምን ሆነህ ነው አለኝ፤ አቡነ ዘበሰማያት እንደማላውቅ ነገርኩት። "አንተ የራስህ የለህም እንዴ?" አለኝ ተገርሞ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋቲሓን እየቀራሁ ቀረጽኩ። እጄም ረጋ። የእኔ ቀረጻ ከእሱ ትንሽ አጠር ትል ነበርና ኤዲተሮቹ ሳይጠይቁ የሐጎስ ናት፣ የሰይድ ናት ብለው ይለዩን ነበር። ዛሬም ያን ጊዜ ሳስበው ልቤ ይሞቃል።

አንድ ቀን እንግዳ ሲቀበሉ እንድንቀርጽ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ተላክን። አያ ሐጎስ ጀርባውን ለአውሮፕላኑ ሰጠና የሚጠብቁትን ሰዎች ቀረጸ፤ አንገታቸውን ሲያሰግጉ፣ ሕፃን ሲያነሡ፣ ኮታቸውን ሲያስተካክሉ። ቢሮ ስንመለስ አለቃችን ፊልሙን አይቶ ጠረጴዛ መታ፤ አውሮፕላኑ የታለ? አያ ሐጎስም አውሮፕላን አይተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። አዎ አለ። እንግዲያስ ምን ያደርግልሃል አለው። በዚያ ምክንያት ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ወደ መጋዘን ተዛወርን፤ ያረጁ ካሴቶች አቧራ ስናራግፍ ከረምን። እኔ ግን ሙያዬን የተማርኩት ያን ዕለት ነው። ነገሩን ሁሉም ሰው ይቀርጻል፤ ነገሩን የሚጠብቀውን ሰው ፊት የሚቀርጽ ጥቂት ነው።

አያ ሐጎስ ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። ቀብሩ ላይ የቤተሰቡ ልጅ በስልኩ ሲቀርጽ እየተወዛወዘ እጁን ማሳረፍ አቃተው። ሄጄ ክንዱን ይዤ አቆምኩለት፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ።

ከካሜራ ወደ ኤዲቲንግ፣ ከኤዲቲንግ ወደ ማስተማር አለፍኩ። አንድ ኮሌጅ የሚዲያ ትምህርት ክፍል ከፍቶ ፊልም የሚያስተምር ሰው ሲፈልግ፣ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች ወደ አዲስ አበባ ሄደው ስለነበር እኔን አገኘ። ተማሪዎቼን የማስተምረው በክር ነበር። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት አቆምና በመካከላቸው ክር እዘረጋለሁ፤ ካሜራው ከክሩ ወዲህ ከሆነ ወዲያ እንዳይሻገር። ከተሻገረ ሁለቱ ሰዎች የሚነጋገሩ ሳይሆን ተያይዘው አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስላሉ። የነፋስ ነገርም አለ፤ የመቀሌን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማይክ ላይ የሱፍ ካልሲ አጥልቁ እላቸው ነበር። አንዱ ጎበዝ ያልታጠበ ካልሲ ይዞ መጥቶ ተዋናይዋን አስነጥሷታል።

ከጦርነቱ በኋላ ክፍላችን ሲከፈት ካሜራ የሚባል አልቀረም ነበር። ተማሪዎቹ ስልካቸውን አወጡ። እኔ መጀመሪያ ተቀየምኩ፤ ስልክ ለሰላምታ ነው እንጂ ለፊልም ነው እንዴ ብዬ። ከዚያ ለተብርሃን መጣች።

ለተብርሃን ከልጆቹ ሁሉ በዕድሜ ትበልጥ ነበር። ትምህርቷን የጀመረችው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ኮሌጁ ሲዘጋ ቀረች፣ ሲከፈት ከታናናሾቿ ጋር ተቀመጠች። እናቷ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ ቅመም ይቸረችራሉ። ዘንድሮ ካልጨረስሽ ሱቁን ትይዢያለሽ፣ እኔ ደክሞኛል ብለዋታል። አልተሳሳቱም፤ ሴትዮዋ በእርግጥም ደክሟቸዋል። ለተብርሃን የቀራት የመመረቂያ ሥራ አንድ አጭር ፊልም ነበር። ፊልሙ ካለ ትመረቃለች፣ ከሌለ በርበሬ ትመዝናለች። ነገሩ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያመጣችልኝን ዕቅድ ሳነብ ራሴን አመመኝ። ስለ ውሃ ችግር ነው። አንድ ኃላፊ ይናገራል፣ አንዲት እናት ታለቅሳለች፣ ከላይ በድሮን የዓይናለም የውሃ ጉድጓዶች ይታያሉ። ድሮኑን ከየት ታመጪዋለሽ ብላት ከአንድ ሠርግ ቀራጭ እዋሳለሁ አለች። በአፍ የሚነገረውን ሁሉ አውጪና የቀረውን አምጪልኝ አልኳት። ተቆጥታ ሄደች። ስትመለስ የቀረላት ይህ ብቻ ነበር፤ አንዲት ልጅ ጀሪካኗን ወረፋ አስይዛ ፈተና ትሄዳለች። ይኸዋ ፊልምሽ አልኳት።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከተማችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ዛሬ ለዚህ ሰፈር፣ ሌላ ቀን ለዚያ። በለተብርሃን ሰፈር ቧንቧ የሌለው ሰው ከቦኖ ይቀዳል፤ ቦኖው ፊት ደግሞ የሚሰለፈው ጀሪካን ነው እንጂ ሰው አይደለም። ሰውየው ሱቁን ይከፍታል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ጀሪካኑ ቦታውን ይጠብቅለታል። እያንዳንዱ ምልክት አለው፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር፣ ሆዱ ላይ የቀለም ጠብታ። ወረፋው ሲራመድ በቅርብ ያለ ሰው ባለቤቱ የሌለበትን ጀሪካን ወደ ፊት ያስጠጋል፤ የማንም ይሁን የማን። ጥሎት ማለፍ ትልቅ ነውር ነው። እርስ በርስ የተኳረፉ ሰዎች ብቻ አንዱ የአንዱን ዕቃ አይነካም፤ ሌላ ሰው መጥቶ ያስጠጋላቸዋል።

የለተብርሃን ፊልም እንግዲህ ይህ ነው። ልጅቷ ፈተና ላይ ሳለች የማታውቃቸው እጆች ጀሪካኗን እያስጠጉ፣ እያስጠጉ ቦኖው ሥር ያደርሱላታል። ንግግር የለም። ካሜራው በጀሪካን ቁመት ልክ ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ከሰው እጅ ብቻ ይታያል። ሥዕላዊ ዕቅዱን የሣለው የክፍል ጓደኛዋ ፊልሞን ነው፤ ቀራጩም እሱ ነበር። ሲሥል ጣቶቹን ሹካ አስመሰላቸው እንጂ ሐሳቡ ገብቶታል። እጆቹ ይለያዩ አልኩ፤ አንዱ ዱቄት ይኑርበት፣ አንዱ ሒና፣ አንዱ ወፍራም የግንበኛ እጅ ይሁን። ጀሪካኑ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ፤ አንዴ ከዞረ ተመልካቹ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። የፈተናውን ክፍል ኮሌጁ ውስጥ ቀረጹ፤ ያማረ ነበር። የቀረው ወረፋው ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸውና የሰፈሩን ሰው ላለማስቸገር ውሃ የማይመጣበትን ቀን መረጡ። ሰው ሊቀዳ ሲመጣ ካሜራ ደቅኖ መንገድ መዝጋት ነውር ነው ብለው። እኔም አመሰገንኳቸው። ከዘመድ አዝማድ ጀሪካን ተዋሱ፣ ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ቦኖው ፊት ደረደሩ። ስልኩን የመንገዱ መታጠፊያ ጋ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ዝቅ አድርገው ተከሉ፤ ስልኩ የለተብርሃን ነው። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ደረጃ ላይ ተቀምጫለሁ።

መጀመሪያ አንዲት ሴት በመስኮት አየች። ከዚያ አንድ ጀሪካን መጣና ከኋላ ቆመ። ፊልሞን ዘወር ብሎ በደስታ አየኝ፤ ያለ ክፍያ ተዋናይ ተገኘ ማለቱ ነው። ቀጥሎ ሌላ መጣ፣ ሌላ መጣ። በዚህ ከተማ የጀሪካን ሰልፍ ያየ ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ አይጠይቅም፤ ይሮጣል። ፈረቃው ተቀይሮ ይሆናል፣ ዛሬ ለቀውት ይሆናል። ጡት የምታጠባውን ልጅ አስቀምጣ የወጣች አለች፣ ሱቁን በግማሽ ዘግቶ የመጣ አለ። እኛ የደረደርነውን ባዶ ሰልፍ አምነው ሰልፉን እውነተኛ አደረጉት። ምን እየሆነ እንደሆነ ሲገባኝ ጀሪካኑ መታጠፊያውን አልፎ ነበር።

በመጨረሻ አደይ ብርኽቲ ወጡ። አደይ ማለት እዚህ እናቴ እንደማለት ነው፤ ለሁሉም አሮጊት ይባላል። አደይ ብርኽቲ የለተብርሃን ጎረቤት ናቸው፤ እሷንም ያሳደጓት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል፣ እናቷ ገበያ ሲውሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በዚያ አቀበት ጀሪካናቸውን በእግራቸው እየገፉ፣ ግድግዳ እየተደገፉ መጡና ስልኩ አጠገብ ሰልፉ ጫፍ ላይ አቁመው ማዶ ካለው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ለተብርሃንን ሲያዩ ፈገግ አሉ። ልጅቷ ያኔ ነው ነገሩ የገባት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ስልኩን እንደቆመ ትታ፣ ፊልሞንን ይዛ፣ ሰዎቹን ልትነግር ወደ ፊት ሄደች። ቀደም ብላ የቦኖው ጠባቂ ደርሳ ኖሮ፣ ማነው ውሃ አለ ያላችሁ ብላ እየጠየቀች ነበር፤ ከኋላ ያለው ሰው ግን እሷን ሲያይ ቦኖው ሊከፈት ነው ብሎ ጀሪካኑን ወደ ፊት እያስጠጋ ነበር።

ማንም አልጮኸም። ቢጮኹ ይሻለን ነበር። እየተያዩ፣ ወደ ስልኩ ማቆሚያ እየተመለከቱ፣ ጀሪካናቸውን አንሥተው ተበታተኑ። ለተብርሃን አንድ በአንድ እየሄደች ይቅርታ ትላለች፤ ምንም አይደል ይሏታል፣ ግን በዐይናቸው አያዩዋትም። አደይ ብርኽቲ ጋ ስትደርስ ተንበረከከች። አሮጊቷ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ጓለይ፣ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ።"

ጓለይ ልጄ ማለት ነው። በዚያች ልጄ በምትለው ቃል ነው ለተብርሃን የተሰበረችው። በሥራ ዘመኔ ካሴት ጠፍቶብኛል፣ ድምፅ የሌለው ቃለ መጠይቅ ይዤ ተመልሻለሁ፣ መጋዘን ተዛውሬያለሁ፤ እንደዚያች ጠዋት ያለ ውድቀት ግን አላየሁም። ሰዎቹን ያደከምናቸው ለክፋት አይደለም፤ ላናስቸግራቸው ብለን ነው። ይህ ደግሞ ለማስረዳት እንኳ አይመችም።

ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር ለቀረጻ እጁን የሚያውስ ሰው አልተገኘም። ሌላ ሰፈር ሂዱ አልኳቸው፤ ለተብርሃን እምቢ አለች። ፊልሙን ትታ ሱቁ እንደምትገባ ለእናቷ ነገረቻቸው። የውሃው ቀን ሲደርስ ግን እሷና ፊልሞን ካሜራ ሳይዙ ሄደው ያን ጠዋት በከንቱ የመጡትን ሰዎች ሁሉ ውሃ በየቤቱ ሲያመላልሱ ዋሉ። እኔም አንድ ጀሪካን ተሸክሜ ወገቤን ይዤ ተመለስኩ፤ ኑሪያ ቅባት እየቀባችኝ ስትስቅብኝ አመሸች። ሰዎቹ ውሃቸውን ተቀበሉ፣ ቡና ግን አልጋበዟቸውም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ፊልሞን ክፍል ውስጥ የዚያን ጠዋት ቀረጻ ለመሰረዝ የለተብርሃንን ስልክ ሲከፍት ኑ እዩ ብሎ ሰበሰበን። ስልኩ ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሮ ሁሉንም ቀርጾታል። በጀሪካን ቁመት፣ በዚያች የጎን ፀሐይ፣ ባለቤቶቹ ቀረጻ መኖሩን ያላወቁ እጆች። ዱቄት ያለበት እጅ ነበር። ሒና ያለበት ነበር። ጡት የምታጠባዋ ሴት እጅ የሕፃኑን ጨርቅ እንደያዘ ጀሪካን ሲያስጠጋ ይታያል። የጠበቅነው ሁሉ፣ ከጠበቅነው በላይ ሆኖ። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አልዋሽም፣ ልቤ ዘለለ።

ለተብርሃን መዳፏን ስልኩ ላይ አሳረፈች። ይህን አላሳይም አለች። ፊልሞን፣ ፊት የለበትም እኮ፣ ማን ያውቃቸዋል አለ። ሰፈሩ እጁን ያውቃል አለችው። ተከራከሩ። እኔን ሲጠይቁኝ፣ ሳይጠየቅ የሚታይ ሰው የለም፤ ሄደሽ አሳዪያቸውና እምቢ ካሉሽ ትሰርዢዋለሽ አልኩ። ሁለት ሌሊት ሳትተኛ በስልኩ ላይ ቀጥላ ቀነጣጥባ ፊልሙን ሠራችው። በየቤቱ እየዞረች አሳየች። አብዛኞቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ ዝም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማንም እምቢ አላላትም። ሁሉም ግን አደይ ብርኽቲ ምን አሉ እያሉ ይጠይቋታል። እሳቸው ጋ ለመሄድ ፈርታ መጨረሻ ላይ አስቀርታቸው ነበር። የመመረቂያ ፊልሙን የሚያዩት ገምጋሚዎች በማግሥቱ ሊመጡ ሲሉ ከሰዓት በኋላ እኔን ይዛ ሄደች።

አደይ ብርኽቲ ስልኩን ከዐይናቸው አርቀው ይዘው ተመለከቱ። አንዴ አዩና ከመጀመሪያው መልሺልኝ አሉ። መለሰችላቸው። ሰልፉ ወደ ፊት ተንቀሳቅሶ የእሳቸው ጀሪካን ብቻውን ወደ ኋላ የሚቀርበት ቦታ አለ፤ ባለቤቱ ማዶ ተቀምጠዋልና። ከዚያ ከኋላው አንዲት እጅ ትመጣለች፤ አንጓዋ ላይ የመስቀል ንቅሳት አላት። መጀመሪያ የእሳቸውን ጀሪካን ታስጠጋለች፣ ከዚያ የራሷን። አደይ ብርኽቲ እዚያ ላይ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

"ይቺ የአልጋነሽ እጅ ናት" አሉ።

ወይዘሮ አልጋነሽ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው። ሁለቱ ሴቶች በአንድ የጋራ ግድግዳ ከፍታ ምክንያት ተኳርፈው ዓመታት አልፈዋል፤ በጦርነቱ ወቅት እንኳ በአንድ ምድር ቤት ተሸሽገው አልተነጋገሩም ይባላል። ለተብርሃን ቀለሟ ጠፋ። ልጅቷ እጆቹን ሁሉ ስታውቅ ያን ንቅሳት አላስተዋለችውም፤ ወይዘሮ አልጋነሽ ቤት የሄደችም ለፊልሙ ሳይሆን ለይቅርታ ነበር፣ እሳቸውም አልነበሩም።  አደይ ብርኽቲ ግን ፊልምሽን ሰው ማየት ይችል እንደሆነ ነገ እነግርሻለሁ አሉ፤ ስልኩን እዚህ ተይው አሉ።

እኔ ደነገጥኩ። የፊልሙ ሌላ ቅጂ የለም። ቅጂ አስቀምጡ ብዬ ስለፈልፍ ነው የኖርኩት፤ ማን ሰምቶኝ። ለተብርሃን ወደ እኔ አየች። መክፈቻውን አሳየቻቸውና ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ወጣች። 

በማግሥቱ ጠዋት ፊልሞንን ጨምረን ስንሄድ አደይ ብርኽቲ ቤታቸው የሉም። ለተብርሃን የግቢውን በር ገፍታ ስታጣቸው ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከግድግዳው ማዶ የሰው ድምፅ ሰማን። ዞረን ብንሄድ ሁለቱ ሴቶች ወይዘሮ አልጋነሽ ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ስልኩ በመካከላቸው በነጠላ ተጠቅልሎ። ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ደጋግመን አይተን ጨረስናት፣ ተበላሸች እንዴ አሉ አደይ ብርኽቲ በስጋት። ፊልሞን ስልኩን ይዞ ወደ ለተብርሃን እናት ሱቅ ሮጠ፤ ቻርጅ ተደርጎ ለግምገማው ደረሰ፤ ለተብርሃንም ተመረቀች። ይህን እግረ መንገዴን ልንገራችሁ ብዬ ነው፤ እኔ ግን ከምርቃቷ ይልቅ ፊልሞን ሲሮጥ ሁለቱ ሴቶች ያወሩትን ነው የማስታውሰው።

ወይዘሮ አልጋነሽ ቅሬታ ነበራቸው። ይህን ሁሉ ደክመሽ፣ በስልክ ቀርጸሽኝ፣ እጄን ብቻ ነው ወይ የምታሳዪው አሉ ለተብርሃንን፤ ፊቴ ምን ጎደለው? ለተብርሃን ፊልሙ የእጅ እንደሆነ፣ የማንም ፊት እንደማይታይ ልታስረዳ ጀመረች። አደይ ብርኽቲ አላስጨረሷትም። ንቅሳት ያለበትን አንጓ ያዝ አድርገው፣ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

"ተይው፣ እንዳለ ይሁን" አሉ። "ፊቷንማ በየቀኑ አየው ነበር። ያጣሁት እጇን ነው።"